የጉንጭ ጥጥ

አፉን ከፈተልኝ፤ ጥጡን ጉንጩ ላይ
አስር ጊዜ በግራ፣ አስር ጊዜ በቀኝ አሻሸሁ።
ማራገቢያው ቆሟል፤ የአዳማ ሙቀት
ግድግዳውን አልፎ ገብቷል ከኛ ቤት።
አስተርጓሚው ላቡን በከረባቱ ጠርጎ
ቆሟል ከመስኮቱ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ።

«ስም?»
«ማ።»
«የአባት ስም?»
«ማ።»
«የአያት?»
አስተርጓሚው ሳቀ፦
«እንደኛ አይደለም፤ የቤቱ ስም ቀድሞ
የልጁ ይከተላል፣ ከኋላው ቆሞ።»
ቅጹ ግን ግትር ነው፣ ሦስት ባዶ አለው፤
ሦስቱንም የሞላሁት በአንድ ማ ነው።

የሞተው ወንድሙ
ከኮረብታው አናት፣ ነፋስ ከሚያዞረው ከነጭ ምሰሶ
ብሎን ሲያጠብቅ ነበር የሚውለው።
አርብ አርብ ይወርዳል፣ ንጹሕ ካልሲ አድርጎ፤
«ቻይና ይሰግዳል?» ይሉ የነበሩት
ኋላ ለመዱና ዩሱፍ ብለው ጠሩት፤
ጫማ የሚጠብቅለት ልጅ እንኳን አገኘ።

የዚያን ለት ዘገየ። ሰርቪሱ አመለጠው።
ቡልቻ ነገዎ፣ ነዳጅ የጫነው የቦሰት ጎረምሳ፣
ፍሬን ያዘለትና «ግባ» አለው በእጁ።
የቀረውን አስፋልቱ ያውቃል።

ሁለት ከረጢት መጣ። ቁመት ከቁመት ያው፤
ከሰልን ከከሰል በምን ልለየው?
ኢማሙ ከደጅ ነው፣ ከፈን ጨርቁን ይዞ፣
ኦቦ ነገዎ ከደጅ ነው፣ ዱላ ተመርኩዞ።
«ሬሳ አያድርም» ያለው ሰው
ስንት ሌሊት አደረ።

ሽማግሌው አፉን ለጥጡ ከመክፈቱ በፊት
አባቶቹን ጠራ፦
«ነገዎ ደበላ፣ ደበላ ጅሎ፣ ጅሎ ዋሪዮ...»
አስራ አንድ ቆጥሮ ትንፋሽ አጠረውና
«ይኸ አይበቃም?» አለኝ።
ጥጡም የሚቆጥረው ይህንኑ ነበር፣
ስም አያውቅም እንጂ።

ፖስታው ከአዲስ አበባ መጣ።
ቁጥር ብቻ። አስራ አራት፣ ሃያ ሦስት፣ አስር...
አንደኛው ከረጢት ከሽማግሌው፣ ሁለተኛው ከማ፣
ቁጥር በቁጥር ገጠመ።
ግርጌው ላይ ግን በጥቃቅን ፊደል፦
ይህ የወንድ መስመር ነው፤ ቤቱን እንጂ ሰውን አይለይም፤
ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ አንድ ቁጥር ይለብሳሉ።

ማ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።
«ከየት እንደመጣን አይልም?» ብሎ አስጠየቀኝ።
አያቱ ሲያወራ፣ የጥንቱ አባታቸው ነጋዴ ነበረ፣
ከፀሐይ መግቢያ በግመል የመጣ፤
አገባ፣ ቀረ፣ ከጸሎቱ በቀር ሁሉን ለወጠ።
ሰንጠረዡን አየሁለት።
ቁጥሩ በእሱ ሕዝብ ውስጥ አለ፤
በጎረቤቶቹም አለ፣ ማዕድ አብረውት በማይቆርሱት፤
በፈረሰኞቹ አገር ጥቂት፣ በስተ ምዕራብም ትንሽ።
«ወረቀቱ ስለ ግመል አያውቅም» አልኩት።
አስተርጓሚው ያን እንዴት እንዳሻገረው እንጃ፤
ማ ራሱን ነቀነቀና ሊቀብር ሄደ።

ይህን የማነበው እኔ፣ ከዚህ ፊደል አንድም የለኝ።
ሴት ነኝ። በእናቴ አባት ስም ተመዘገብኩ፣
ስም ሲጠራ ለአያቴ ልጅ «አቤት» እያልኩ።
ወንድም ቢኖረኝ፣ የእናት የአባቴ ልጅ፣
«አፍህን ክፈትልኝ» ብዬ
ሌሊት ቀስቅሼ እለምነው ነበር።

ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ።
የቡልቻ እናት፣ ኡርጌ፣ ከግድግዳው ስር ተቀምጣ
ባሏ ሲጨርስ ተነሳች። ማንም አልጠራትም።
ፊቴ መጥታ ቆመችና አፏን ከፈተች።
«በዚህ መስመር እርስዎ የሉም» ልላት ነበር።
ሁለት ጥርሷ ወልቋል፣ ምላሷ ደርቋል።
አዲስ ጥጥ ቀደድኩ፤
አስር ጊዜ በግራ፣ አስር ጊዜ በቀኝ።
«የእናትዎ ስም ማን ነው?» አልኳት፤
እሱን ጻፍኩ ቱቦው ላይ።
ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ፣ ከክትባቱ ኋላ።